ስምና ደም በአንድ ሣጥን አይጓዙም

የመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ስለ ጉና ተራራ የሚያውቁት ብርዱን ብቻ ነው፤ እሱንም በወሬ። ከጉዞ ስመለስ ሻይ ቤት ከበቡኝና «እስቲ ንገሪን» አሉኝ። ለአንዷ ስጀምር ሌላዋ እያቋረጠች አላስጨርስ ሲሉኝ፣ «በቃ ጽፌ እሰጣችኋለሁ፤ አርፋችሁ ታነቡታላችሁ» ብዬ ተነሣሁ። ቁጡ ነኝ። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ የጉዞው ግማሽ መከራ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነውና።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ደም እቀዳለሁ፣ አጣራለሁ፣ በረዶ ቤት አስቀምጣለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከደብረ ታቦር በላይ፣ በጉና ግርጌ ያለች አንዲት የሚካኤል አጥቢያ ተስቦ ገብቶባት ብዙ ሰው ጨረሰ። የተረፉት ሰዎች ለአንድ ሐኪማችን ደም ሰጡት። ተስቦ ይዞት የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ እንደ ጋሻ ያለ ነገር ይቀርለታል፤ በሽታው ዳግመኛ ሲመጣ በዚያ ይከላከላል። ጋሻው ግን ስንት ዓመት ይቆያል? ጥያቄያችን ይኸው ነበር። መልሱን ለማግኘት ከእነዚያው ሰዎች እንደገና ደም ወስዶ ከፊተኛው ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የአየለ ከአየለ፣ የከበደ ከከበደ። ከተምታታ የፊተኛውም የኋለኛውም ይደፋል።

ያ ሐኪም ለትምህርት ውጭ ሄደ። ፊተኛውን ደም አራት ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከቤቴ እየሮጥኩ መጥቼ በረዶ ስጨምርበት የኖርኩ እኔ ነኝ። አለቃችን ዶክተሩ «ማን ይሂድ?» ሲሉ እጄን ያወጣሁት ለሽርሽር አይደለም።

ቅዳሜ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ በላንድሮቨር ተነሣን፤ እኔና ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ። ጋሽ ተፈራ ወሬ ከተገኘ ምሳ የሚረሳ ሰው ነው። በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅማል። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የምታመላልሰው ቅማል መሆኗን እኔው ራሴ ነግሬዋለሁ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው! ገና ሱሉልታን ሳናልፍ የዲዲቲ ዱቄቱን ከኪሱ አውጥቶ አንገቱ ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ ካልሲው ውስጥ ሳይቀር ነሰነሰው።

ጎሐ ጽዮን ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀታችንን የሚያየው ወታደር ትኩር ብሎ አየውና፣

«ጓድ፣ ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው?» አለው።

«ሹፌር ነኝ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«በረዶ የሚያዝበት ነው» አልኩ እኔ።

«ለምን?»

«ለደም።»

«የማን ደም?»

«ገና አልተቀዳም!» ብዬ ጮህኩ። መጮህ አልነበረብኝም። ለዚያች ጩኸት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን፤ አለቃው መጥቶ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶነቱን አይቶ እስኪስቅ ድረስ። ዓባይ በረሃን በእኩለ ቀን ወረድነው። ሙቀቱ አዲስ አበባ ክፍላችን ውስጥ ያለውን የማድረቂያ ምድጃ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ ምድጃው ማጥፊያ አለው። ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን። የአልቤርጎዋ ባለቤት የጋሽ ተፈራን አንሶላ በማግሥቱ ስታነሣው ዱቄቱ ቡን ብሎ አስነጠሳት።

እሑድ

ባሕር ዳር ላይ ሣጥናችንን በበረዶ ሞላን። በረዶው እስከ ሐሙስ ቢቆይ ነው ብለን አሰብን። ምሳ ዓሣ በላን። እኛ ቤት የሚደርሰው ዓሣ መንገድ የደከመው ነው፤ ይህ ግን ከሐይቁ የወጣው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ሁለት ጨረስኩ፤ ጋሽ ተፈራ ሦስት።

ከወረታ ወደ ቀኝ ታጠፍንና ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ጀመርን። ዓለም በር አቅራቢያ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫውን ስናወጣ እሱም ንፋስ የለው! ጋሽ ተፈራ መንፊያውን ይዞ ሲያለከልክ ከሰንበቴ የሚመለሱ ሰዎች አገኙን። ሳንጠራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተራ በተራ ነፉልን። አንዱ «አረፍ በሉ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላል» ብሎ ከያዘው ቅል ጠላ ቀዳልን። አዲስ አበባ ጎማ ቢፈነዳ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ምክር ይሰጣል፤ መንፊያውን የሚይዝ ግን አይገኝም። ደብረ ታቦር ስንገባ መሽቶ ነበር። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ አራተኛ ስጠይቅ የቤቱ አሳላፊ፣ «ሲስተር፣ ይችማ ሙቀቷ ናት። ጉና ሲደርሱ ያዩታል» አለኝ።

ሰኞ

ገሳይ ድረስ መኪናው አደረሰን። ከዚያ በላይ መንገዱ የበቅሎ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቀልጠፍ ያለ ጎልማሳ፣ ሁለት በቅሎ ይዞ ጠበቀን። ሣጥኑ በአንደኛዋ፣ እኔ በሁለተኛዋ፤ ጋሽ ተፈራ «በቅሎ ላይ ቅማል አይጠፋም» ብሎ በእግሩ።

መሬቱ እኛ ከምናውቀው ሌላ ነው። ጤፍ የለም፤ ገብስና ድንች ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆነጥጣል። በየመንገዱ ሠርግ ገጠመን፤ ወሩ የሠርግ ነው። ያረፍንበት ቤት ጎረቤትም ሙሽራ ገብታ ኖሮ ለእንግድነታችን ተጠርተን ሄድን። አማትየዋ ሙሽሪትን ፊት ለፊት አቁመው «ከእንግዲህ ስሟ ያልጋነሽ ነው!» ሲሉ ቤቱ እልል አለ። ልጅቱ እናቷ ቤት ጥሩወርቅ ነበረች አሉ። እኔ አማቴ ስሜን ልቀይር ብትል ከነሻንጣዋ ነበር የምሸኛት። ሙሽሪት ግን ፈገግ ብላ ያልጋነሽ ሆነች።

ያረፍንባቸው ሴት እማማ አንጓች ይባላሉ። ጋሽ ተፈራ ደጃፉ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» ሲል «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ተቀበሉን። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡ። ጥግብ ብዬ እጄን ስሰበስብ፣

«አፈር ስሆን! ይችን ብቻ!» አሉኝ።

«ጠገብኩ እማማ።»

«ጠገብኩ የሚል እንግዳ ቤቱን የናቀ ነው። በሞቴ!»

አራት ጊዜ ሞቱብኝ፤ አራት ጊዜ ጎረሥኩ።

ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የልጆቹን አባትና እናት የወሰደው ያ ተስቦ ነው። እሳቸውንም ይዟቸው ነበር፤ ዳኑ። ልጆቹ ለከብት ሲወጡ ጠብቀው ወደ እኔ ቀረብ አሉና፣

«አንች ልጄ፣ ልጠይቅሽ። ገበያ ላይ ተስቦ ገባ ሲሉ ሳልገበያይ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። ዳግም ይይዘኝ ይሆን? እኔ ከተኛሁ እነዚህ ማን አላቸው?» አሉኝ።

«ፊተኛው ሐኪም አልነገርዎትም? ደምዎ ምን እንዳለ?»

«ደማችንን ይዞ ሄደ። ደሙም አልተናገረ፣ እሱም አልተናገረ።»

አፈርኩ። ይህን ያህል ዘመን የእሳቸውን ደም ስጠብቅ አንድ ቀን «ባለቤቱ መልሱን ይጠብቃል» ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለተኛውን ደም ከሰጡኝ መልሱን እንደምልክላቸው በሚካኤል ስም ማልኩላቸው።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። የደም ሰጪዎቹን መዝገብ ያን ጊዜ የጻፉት ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ፣ ለተዝካር ወርደዋል፤ ረቡዕ ይመለሳሉ፤ እሳቸውን ብንጠብቅ ይሻላል። እኔ ግን በረዶዬ እየቀለጠ ነበር። «መዝገቡ በእጄ ነው፣ ማንበብ አያቅተኝም፤ ነገ ሰው ሰብስብልኝ» አልኩት።

ማክሰኞ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፈሰስኩ።

ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ሴቶቹ ስለ ሠርጉ ያወራሉ፣ ወንዶቹ ጋሽ ተፈራን «እንዴት ነጣህ?» እያሉ ይስቁበታል። ድንጋይ ላይ ወጥቼ መዝገቡን ገለጥኩ። ጽሕፈቱ የታተመ ይመስላል፤ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ። አዲስ አበባ ሳለሁ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስሙ ሁሉ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሌ ነው። የባላገር ስም እንዲህ ነው ብዬ አልፌው ነበር። የከተማ ልጅ መሆን እንዲህ ያሞኛል።

«ቁጥር አንድ! ወልደ ገብርኤል!» አልኩ በሙሉ ድምፄ።

ዝም።

«ወልደ ገብርኤል የለም? እሺ፣ ቁጥር ሁለት! ወለተ ሥላሴ!»

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ሳቁ ቆመ። እኔ ደግሞ ያልሰሙኝ መስሎኝ ይበልጥ ጮህኩ። «ኃይለ ማርያም! ወለተ ማርያም! ገብረ መስቀል!» ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሰዉ ከኋላ እየተነሣ መሄድ ጀመረ። ሊቀመንበሩ እጄን ያዘኝና «ሲስተር፣ ተይ! በእግዜር ተይ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አዩኝና፣

«ያን ጊዜ ደማችንን ወሰዳችሁ። ለካ ስማችንንም ወስዳችኋል። እንግዲህ ለሰው ምን ቀረው?» ብለውኝ ሄዱ።

ጽዱ ሥር እኔ፣ ጋሽ ተፈራና ሣጥኔ ብቻ ቀረን። ብስጭቴ ይህ ነው አይባልም። ወደ ቤት ስገባ እማማ አንጓችም ፊታቸው ተለውጧል፤ ምግቡን አቀረቡ፣ «በሞቴ» ግን አላሉኝም። ያ ከሁሉ ይልቅ አመመኝ።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩ።

«የክርስትና ስም እኮ ነው የጠራሽው፣ ልጄ። እኔም ውስጡ አለሁበት። ያን ስም የሚያውቁት አምላክና የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ባሌም ሳያውቀው ሞተ። በዚህ ስም የተደገመበት ሰው መድኃኒት የለውም። አንች ደግሞ ደማችንንም ይዘሻል። ስምና ደም በአንድ እጅ አይያዝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ብል በየት በኩል! ያን ቀን የገባኝ ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች በዓለም ስማቸው ቢመጡልኝ እንኳ የትኛው ሰው የትኛው ቁጥር እንደሆነ መዝገቡ አይነግረኝም። ሦስት ወለተ ማርያም፣ አራት ወልደ ሚካኤል አለ። ያ ሁሉ የጠበቅሁት ደም ሊደፋ ነው፤ እማማ አንጓችም መልሳቸውን ሳያውቁ ሊቀሩ ነው።

ረቡዕ

ቄሰ ገበዙ ከረፋዱ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በበቅሎ መጡ። ወሬው መንገድ ላይ ደርሷቸዋል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ፣

«አባቴ፣ ምን ያለ ጉድ ነው የሠሩኝ! ሰው የሚጠራበት ስም እያለ ማንም የማያውቀውን ስም ይጻፋል?» ብዬ ጀመርኩ። ብዙ ተናገርኩ። እሳቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጨርሼ እስካርፍ ጠበቁኝ።

«ውሃ ስጧት» አሉ መጀመሪያ። ጠጣሁ። «ያ ሐኪም ወንድምሽ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹አባ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሰን እነዚህኑ ሰዎች እንፈልጋለን። እስኪሞቱ የማይለወጥ ስማቸውን ይጻፉልኝ› አለኝ። ሰኞ ሠርግ ቤት ነበርሽ አሉ። የሙሽሪት ስም ማን ነው?»

«ያልጋነሽ።»

«እሑድስ ማን ነበረች?»

«ጥሩወርቅ።»

«አንጓችስ? አባቷ ቤት ስሟ ሌላ ነበር፤ አንጓች ያሏት አማቷ ናቸው። ሰውየውም አባቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በሌላ፣ ጓደኛው በፈረስ ስሙ ይጠራዋል። በዚህ አገር እስኪሞት የማይለወጥ ስም አንድ ብቻ ነው። እሱን ጻፍኩ። ‹ወረቀቱን ቆልፌ አስቀምጣለሁ፣ ማንም አያየውም› ብሎ ስለማለልኝ ነው የጻፍኩት። ድንጋይ ላይ ቆመሽ ታውጂዋለሽ ብዬማ እንዴት ላስብ?»

የታዘዙትን ከእኛ ይልቅ አጥርተው የፈጸሙ እሳቸው ናቸው። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አልኩ። ወዲያው ይቅር አሉኝ፤ ቁጡ ሰው የሚያስቃቸው ዓይነት ናቸው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፤ መላውን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። የሰዉ ሁሉ የነፍስ አባት ስለሆኑ ማን የትኛው ስም እንዳለው ያውቃሉ። መዝገቡ በእሳቸው እጅ ይሁን፤ ሰው እየመጣ መስቀል ይሳለም፤ እሳቸው መዝገቡን አይተው ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ፤ እኔም ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን ብቻ ልጻፍ። ስም ከአፋቸው አይወጣም።

ሰዉ ዳግመኛ ተሰበሰበ። ትናንት የተናገሩት ሽማግሌ አዳምጠው ሲያበቁ፣

«መልካም ነው። መዝገቡስ? ተመልሶ ከደማችን ጋር ሊሄድ ነው?» አሉ።

ሁሉም እኔን አየ። መዝገቡ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ይዤው ካልተመለስኩ ዶክተሩ ከሥራ ቢያስወጡኝ የሚፈርድልኝ የለም። ይዤው ከተመለስኩ ደግሞ ደም የለም።

«እዚሁ ይቀራል» አልኩ። ድምፄ ለእኔም የሌላ ሰው መሰለኝ። «በሚካኤል እቃ ቤት ይቆለፍበት።»

«ያንችስ ስም?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «የእኛን ስትዪ ዋልሽ። ያንችን እዚያው አስገቢያ!»

«ደሟንም!» አለ ሌላው። ሰዉ ሳቀ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበርና እምቢ ልል አልቻልኩም።

ለቄሰ ገበዙ ጆሮ ጎንበስ ብዬ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። «መልካም ስም ነው። ለምን ደበቅሽው?» አሉኝ። «የጠየቀኝ ሰው ጠፍቶ» አልኳቸው። በመዝገቡ መጨረሻ በቀይ ቀለም ጻፉኝ። ከዚያ ክንዴን ጋሽ ተፈራ አሰረልኝ፤ መርፌውን በራሴ እጅ ልወጋ። ስንቱን ሰው «አይዞህ፣ እንደ ትንኝ ናት» ያልኩ ሴት፣ ደም ሥሬን ሁለቴ ስቼ በሦስተኛው አገኘሁት፤ ጽዱም ተራራውም ዞረብኝ። ሊቀመንበሩ ደግፎ ባይዘኝ ወድቄ ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «አይዞሽ፣ እንደ ትንኝ ናት!» ይሉኛል ሴቶቹ እጄን እያሹ።

ሐሙስ

ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኗል። ፊቴን ያዩት እማማ አንጓች፣

«ለብርዱማ እኛ አለንልሽ» ብለው ጎረቤት ተጣሩ። ሴቶቹ ደጅ ካሳደሩት እንስራና ገበቴ ላይ ውርጩ ያጋገረውን በረዶ እየነቀሉ ይዘውልኝ መጡ። አዲስ አበባ መብራት ኃይልን ስለማመጥ የኖርኩበትን ነገር እዚህ ሌሊቱ በነጻ ይሠራዋል።

ሥራው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሆነ። ሰው ይመጣል፣ መስቀል ይሳለማል፤ ቄሰ ገበዙ መዝገቡን በጋቢያቸው ከልለው ጣታቸውን ያሳርፋሉና «አሥራ አራት» ይላሉ። እኔ እወጋለሁ፣ ብልቃጡ ላይ አሥራ አራት እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቁጥር ስጠይቃቸው «ዐርፏል» ይሉኛል፤ ሁሉም ያማትባል፤ እንቀጥላለን። እማማ አንጓች ተራቸው ሲደርስ «ሃያ ሦስት» ተባሉ። መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ደሙን ትኩር ብለው አዩትና «እስቲ አሁን ተናገር» አሉት።

ደሙ ሲረጋ በእጅ የሚዞረውን ማጣሪያ አወጣሁ። ብልቃጦቹን ከቶ በኃይል ሲያዞሩት ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ቢጫ ውሃው ከላይ ይቀራል፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ሴቶቹ ገና ሲያዩት «ወተት ናጭ ናት ለካ!» ብለው እጀታውን ነጠቁኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅል ሲንጡ ያደጉ ናቸው፤ ክንዳቸው አይደክም፣ ምታቸው አይዛነፍ። እኔ ቀኑን ሙሉ የምፈጽመውን እየዘፈኑ በሁለት ሰዓት ጨረሱት። ጋሽ ተፈራ ልሞክር ብሎ ሲያንቀራፍፈው «ተወው፣ ቅቤ አይወጣህም!» ብለው አባረሩት።

ዓርብ

ስንነሣ በሶና የተቆላ ገብስ ተሸከምን። ጋሽ ተፈራ ዱቄቱ አልቆበት ነበር፤ ጭራሽ እንዳለቀም ረስቶት ከሽማግሌው ጋር ተቃቅፎ ይሳሳማል። ቄሰ ገበዙ የእቃ ቤቱን ቁልፍ አሳዩኝና ወደ እጀ ጠባባቸው ኪስ መለሱት።

እማማ አንጓች እስከ ጅረቱ ሸኙኝ። በቅሎዋ ላይ ልወጣ ስል አንገቴን ወደ ታች ሳቡኝ። ሊስሙኝ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬ ሥር ስማቸውን ነገሩኝ። የክርስትናውን።

«እማማ! ለምን ይነግሩኛል?» አልኩ ደንግጬ።

«አንችም ሚካኤል ደጅ ያለሽ ነሽ እንግዲህ። ደሜ ሲናገር አንድ ሰው እንኳ የማን እንደሆነ አውቆ ይስማው ብዬ ነው። ጠያቂ የሌለው መልስ አልወድም።»

ማልቀሴን እንዳያዩ በቅሎዋን ገረፍኳት፤ እሷም ጅረቱ መሐል ቆማ አልሄድም አለች። እማማ አንጓች ከወዲያ ማዶ ሆነው እያለቀስኩም እየሳቅኩም በደንብ አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ

ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ዋልን። ጋሽ ተፈራ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ «ማን ነው ስምሽ? ለእኔ ብቻ!» እያለ ነዘነዘኝ፤ አልነገርኩትም። ሰኞ ዶክተሩ ፊት ቀረብኩ። ብልቃጦቹን አዩ፤ ቁጥሮቹን አዩ።

«መዝገቡስ?»

ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር፤ ድንጋይ ላይ የጮህኩትን ጭምር። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እንደገና ቆጠሩ።

«አንድ ሰው መጥቶ ይህ ደም የማን ነው ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«አላውቅም ይላሉ። እውነትም አያውቁም። የፊተኛውና የኋለኛው የአንድ ሰው መሆኑን ግን ያውቃሉ። ለሥራው የሚያስፈልገን ሌላ ምን አለ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ቄሰ ገበዙን እዚህ ብንቀጥራቸው ይሻል ነበር» አሉና ሄደሽ ሥራሽን ጀምሪ አሉኝ።

ብልቃጦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። አንድም አልተምታታብኝ። ምርመራው ሳምንታት ወሰደ። የአንዳንዱ ጋሻ ሳስቷል፤ የአንዳንዱ እንዳለ ነው። የእኔ ደም ባዶ ነው፤ ጋሽ ተፈራ ይህን ሲሰማ አዲስ ዱቄት ገዝቶ በስጦታ አመጣልኝ። ለቄሰ ገበዙ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቁጥርና መልስ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ በጆሮው እንዲነግሩልኝ። ጋሻው ለሳሳበት ምን መጠንቀቅ እንዳለበትም ጨመርኩ።

ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ ስደርስ ፊተኛውንና ኋለኛውን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ እንዳልሳሳት። ጋሻው እንዳለ ነው፤ አልሳሳም። «አለ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ተነሥቼ የላቦራቶሪውን በር ዘጋሁ። ብልቃጡን በእጄ ይዤ፣ ማንም በሌለበት፣ በዚያች ስማቸው ጠራኋቸውና፣ «ልጆቹን ያሳድጉ» አልኳቸው።